«ጥቁር አጫሾች» ባሕር ስር ምን ይሠራሉ?

ጥያቄ፦ ስለ ጥልቅ ባሕር እንስሳት የሚያሳይ የዶክመንተሪ ሰብታይትል እየተረጎምኩ ነው። ከባሕር ስር በሙቀት የሚወጣውን ውሃ «እሳተ ገሞራ» ብዬው ነበር። ጓደኛዬ «ፍል ውሃ ነው የሚባለው» አለኝ። እኔ ግን ፍል ውሃ ሲባል የሚታየኝ የአዲስ አበባው መታጠቢያ ነው። ጥቁር ነገር እየተፋ ውሃው የሚወጣባቸውን ምሰሶዎች እንግሊዝኛው «black smokers» ስለሚላቸው «ጥቁር አጫሾች» አልኳቸው። ሙቀት የሌለውን፣ ጋዝ የሚወጣበትን ዓይነት ደግሞ «ቀዝቃዛ ፍሳሽ» አልኩት። «የቱቦ ትል» ያልኩትን እህቴ አንብባ ሳቀች። ሦስት መስመር ልኬያለሁ፤ ይዩልኝ።

«ጥቁር አጫሾቹ በባሕር ወለል ላይ ተደርድረዋል።»
«በእሳተ ገሞራው ውስጥ የሚኖሩ እንስሳቶች ፀሐይ አያስፈልጋቸውም።»
«የቱቦ ትሎች በቀዝቃዛ ፍሳሽ ውስጥ ከ200 ዓመት በላይ ይኖራሉ።»

መልስ፦ እህትዎ በትሉ ሳቀች። እኔ የሳቅኩት ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። «ጥቁር አጫሾቹ ተደርድረዋል» የሚለውን ሳነብ የታየኝ ካፌ በር ላይ ሲጋራ ለኩሰው የቆሙ ሰዎች ናቸው።

ጥፋቱ ግሱ ላይ ነው። «አጨሰ» ሲባል አንድ ሰው ሌላ ነገር ያጨሳል፤ ሲጋራ ወይም ሺሻ። «ጨሰ» ሲባል ግን ነገሩ ራሱ ይጨሳል። ምድጃው ጨሰ እንላለን፤ ምድጃው አጨሰ አንልም። ባሕር ስር ያለው ምሰሶም እንደ ምድጃው ነው፣ ራሱ ይጨሳል። ከዚሁ ቃል ሌላ ስም ላውጣ ብለው «ጭሰኛ» እንዳይሉ ብቻ። የጭሰኛ ነገር «መሬት ላራሹ» ተብሎ አልፏል።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ «ጭስ ማለትስ ትክክል ነው?» ሊለኝ ይችላል። እውነትም እዚያ እሳት የለም። የባሕር ውሃ በስንጥቅ ወደ ታች ይገባል፤ የጋለ ዓለት ያሞቀዋል፤ ከዓለቱ ብረት፣ መዳብና ዚንክ አሟሙቶ ይዞ ይመለሳል። ሲወጣ ሙቀቱ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ውጭ የሚጠብቀው ውሃ ደግሞ 2 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ብረቶቹ ከድኝ ጋር ተጣምረው በአንዴ ደቃቅ ጥቁር ዱቄት ይሆናሉ። ጭስ የመሰለው ይህ ዱቄት ነው፤ እየተጋገረ ምሰሶ የሚሠራውም እሱው ነው። አማርኛ ግን ለጭስ እሳት አይጠይቅም። «አቧራው ጨሰ» እንል የለ? ስለዚህ «ጥቁር ጭስ የሚተፉ ምሰሶዎች» ቢሉ የሚቃወምዎ የለም። እነዚህ ምሰሶዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ከሜክሲኮ ማዶ ፓስፊክ ውስጥ ሲገኙ፣ አልቪን የተባለችው ጠላቂ መርከብ የያዘችው የሙቀት መለኪያ ቀልጦ ነበር። ያን ያህል ሙቀት ይኖራል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም።

ወደ ፍል ውሃ ልምጣ። ጓደኛዎ ልክ ነው። ፍል ውሃ የቦታ ስም ከመሆኑ በፊት ተራ ስም ነው። «ፈላ» ከግእዙ «ፈልሐ» የመጣ ነው፤ ሶደሬም፣ ወንዶ ገነትም ፍል ውሃ አለ። የአዲስ አበባው ስለገነነና ከተማዋም በእሱ ዙሪያ ስለተቆረቆረች ስሙን ለብቻው የያዘው ይመስለናል እንጂ። መጀመሪያ ሲጠቅሱት «የባሕር ስር ፍል ውሃ» ይበሉ፤ ከዚያ በኋላ «ፍል ውሃው» ይበቃል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ያ 350 ዲግሪ የደረሰ ውሃ አይፈላም! ከላዩ የተጫነው ውሃ ክብደት አያፈላውም። ፊደል ቆጥረን እንሟገት ካልን «ያልፈላ ፍል ውሃ» ነው። ግን የምንታጠብበት ፍል ውሃስ መቼ እየፈላ ነው የምንገባበት?

«እሳተ ገሞራ» እዚህ ቦታ አይሆንም። በእሳተ ገሞራ የሚወጣው የቀለጠ ዓለት ነው፤ እዚህ የሚወጣው ውሃ ነው። ሆኖም የልብዎ ግምት ከእውነቱ ብዙ አልራቀም። ገሞራ የሰዶምና ገሞራዋ ናት፤ በእሷ ላይ የዘነበው እሳትና ዲን ነው። ዲን ማለት ድኝ ነው። የእነዚህ እንስሳት ኑሮ ደግሞ የተመሠረተው በድኝ ላይ ነው። እመለስበታለሁ።

አሁን «ውስጥ» የምትለዋን ቃል እንያት። በፍል ውሃው ውስጥ የሚኖር እንስሳ ካለ ተቀቅሎ አልቋል። ከጉድጓዱ አፍ ትንሽ ራቅ ሲሉ ትኩሱ ከቀዝቃዛው ይቀላቀላል፤ እንስሳቱ የሰፈሩት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በጋላፓጎስ አቅራቢያ 2,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ መጀመሪያ የታዩት እንስሳት የከበቡት ውሃ ከ20 ዲግሪ በታች ነበር። አማርኛ ለዚህ የታወቀ ቃል አለው። ወንዝ ዳር፣ መንገድ ዳር እንደምንለው «ፍል ውሃ ዳር የሚኖሩ» ይበሉ። በነገራችን ላይ ያ ጉዞ የጂኦሎጂ ሰዎች ጉዞ ነበር፤ አንድም የባዮሎጂ ሰው አልያዙም። ያገኟቸውን እንስሳት እንዳይበላሹ የሚያስቀምጡበት በቂ ፈሳሽ ስላልነበራቸው ፓናማ የገዙት የሩሲያ ቮድካ ውስጥ ዘፈዘፏቸው።

«የባሕር ወለል» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሚያናድደኝ ቃል ነውና። ወለል መሬቱ ነው። የቤት ወለል የምንረግጠው ነው። ግን ስንቶቻችን ነን «አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ይህን ያህል ሜትር» የምንለው? ለዚያ ትክክለኛው ቃል «ጠለል» ነው፤ የባሕሩ የላይኛው ገጽ። ሁለቱን ስላምታታናቸው አሁን «በባሕር ወለል ላይ» ሲሉ ግማሹ አንባቢ ምሰሶዎቹ ውሃው ላይ የተንሳፈፉ ይመስለዋል። ከፍታና ጥልቀት ሲለኩ ጠለል፣ ታችኛውን መሬት ሲያመለክቱ ወለል ይበሉ። እኔ ግን ለሰብታይትል «የባሕሩ መሬት» ወይም «ከባሕሩ ስር» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ማንም አይሳሳትበትም። «ከባሕር ጠለል በታች» ማለት ራሱ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ማለት አይደለም። ደናክል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርድ ቦታ አለው፤ ሰው ግን ግመሉን እየነዳ ያልፍበታል።

ቀዝቃዛው ደግሞ አለ። «ፍሳሽ» ብለው አይሆንም። ከተማ ያደገ ሰው ፍሳሽ ሲሰማ አፍንጫውን ይይዛል። «ስርገት» የሚሉም አይቻለሁ፤ እሱም አቅጣጫው ተሳስቷል። ውሃ ወደ መሬት ሲገባ ነው ሰረገ የምንለው፤ እዚህ ግን ሚቴንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባሉ ጋዞችን የያዘ ፈሳሽ ከመሬት ወደ ላይ ቀስ ብሎ ይወጣል። ለሚወጣ ነገር ያለን ቃል «መነጨ» ነው፤ ስለዚህ «ቀዝቃዛ ምንጭ»። «ቀዝቃዛ»ውም ቢሆን ከአካባቢው ውሃ ይልቅ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይደለም። ፍል ውሃው ቀድሞ ስለታወቀ፣ ከእሱ ለመለየት የወጣ ስም ነው። ነጭ ሽንኩርት ቀይ ሽንኩርት ባይኖር ኖሮ «ነጭ» ማን ይለው ነበር? የምንጮቹ እንስሳት ወሬ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ከፍሎሪዳ ማዶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ። ፍል ውሃ ሳይኖር የፍል ውሃ ዳር ዘመዶች ተገኙ።

ትሉ ጋ ደረስን። እህትዎ የሳቀችው በ«ትል» ሳይሆን በ«ቱቦ» ይመስለኛል። ትል ክብሩን ያጣ ቃል ቢሆንም የሐር ትል ብለን ሐሩን እንለብሳለን። ቱቦ ግን ሰፈር ውስጥ ያለው ቱቦ ነው፤ «የቱቦ ትል» ሲሉ ከዚያ የወጣ ይመስላል። ይህን እንስሳ ቀረብ ብለን እንየው። የፍል ውሃ ዳሩ ዓይነት ርዝመቱ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል፤ ሰው ያህላል። ነጭ ጠንካራ መያዣ ራሱ ሠርቶ ውስጡ ይቆማል። ከጫፉ ቀይ ላባ የመሰለ ነገር ያወጣል፤ ቅላቱ የደሙ ነው። የሚነካው ነገር ሲመጣ ሸርተት ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን ሳይ የመጣልኝ ቃል «ሰገባ» ነው። ጎራዴ ከሰገባው ወጥቶ ወደ ሰገባው እንደሚመለስ። «ባለ ሰገባ ትል» ብለው ይሞክሩት። እህትዎ ከሳቀች ይጻፉልኝ።

ይህ ትል አፍም ሆድም የለውም። በአማርኛ እንዲህ ሲባል ስድብ ወይም ምስጋና ይመስላል፤ እዚህ ግን ቃል በቃል ነው፣ አንጀት እንኳ የለውም። ታዲያ በምን ይኖራል? ኮሊን ካቫና የተባለች የሃርቫርድ ተማሪ አንድ ትምህርት ላይ ተቀምጣ ስትሰማ፣ ተመራማሪው ሜሬዲዝ ጆንስ ትሉ ሰውነት ውስጥ የድኝ ጠጠር እንደተገኘ ተናገረ። ተነሥታ ውስጡ ባክቴሪያ መኖር አለበት አለች። ሐሳቧ እ.ኤ.አ. በ1981 ታተመ፤ ልክም ነበረች። ባክቴሪያው ሃይድሮጅን ሰልፋይዱን ከኦክስጅን ጋር አዋሕዶ ጉልበት ያገኛል፤ በዚያ ጉልበት ምግብ ይሠራል፤ ትሉም ከዚያ ይመገባል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ነው። እኛን ይመርዘናል፤ የትሉ ደም ግን ከኦክስጅን ጋር አብሮ ተሸክሞ ያደርሰዋል። ዕፀዋት በብርሃን ምግብ ሲሠሩ የትምህርት ቤት መጽሐፋችን «ብርሃን አስተፃምሮ» ይላል። ይህኛውን «ኬሚካላዊ አስተፃምሮ» ብንለው ከዘመዱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ለዚህም ነው «ፀሐይ አያስፈልጋቸውም» የሚለውን ትንሽ ላላ የማደርገው። ያ ኦክስጅን ከላይ፣ በፀሐይ ከሚኖሩት የመጣ ነው። «ምግባቸው ከፀሐይ አይመጣም» ቢሉ እውነት ነው፤ «አያስፈልጋቸውም» ግን አበዛው።

«እንስሳቶች» የሚለውን አልፈው እንዳይሄዱ። «እንስሳት» ራሱ ብዙ ቁጥር ነው። ወይ እንስሳት፣ ወይ እንስሶች። ሁለቱን መደራረብ ካፖርት ላይ ካፖርት ነው።

ሌሎቹ አያስቸግሩዎትም። ሽሪምፕ ሽሪምፕ ነው፣ ሸርጣንም አለን። ቀንድ አውጣ እንዴት ያለ ቃል ነው! እ.ኤ.አ. በ2001 ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ የተገኘ አንድ ቀንድ አውጣ እግሩ በቅርፊት ተሸፍኗል፤ ቅርፊቱ የብረትና የድኝ ውሕድ አለበት። ዶክመንተሪው ውስጥ ከመጣ «ባለ ጥሩር ቀንድ አውጣ» ይበሉት። ጥሩር የጦረኛ የብረት ልብስ ነው። በጥልቅ ባሕር ማዕድን ቁፋሮ ስጋት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2019 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ጥሩሩ ከዚያ አላዳነውም።

ሦስተኛው መስመር ላይ «ይኖራሉ» ሁለት ትርጉም ይሰጣል፤ መኖሪያቸው እዚያ ነው ማለትም፣ ዕድሜያቸው ነው ማለትም ይሆናል። ዕድሜ ከሆነ ዕድሜ ይበሉ። ከ200 ዓመት በላይ የሚለው ደግሞ የሚሠራው ለቀዝቃዛ ምንጩ ትል ብቻ ነው። የፍል ውሃ ዳሩ ዘመዱ በጥድፊያ የሚያድግ ነው፤ በዓመት ከ85 ሳንቲሜትር በላይ ሲረዝም ታይቷል። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ አይቀላቅሏቸው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጌ አርሜያቸዋለሁ፦

«ጥቁር ጭስ የሚተፉ ምሰሶዎች ከባሕሩ ስር ተደርድረዋል።»
«ፍል ውሃ ዳር የሚኖሩት እንስሳት ምግባቸው ከፀሐይ አይመጣም።»
«የቀዝቃዛ ምንጭ ባለ ሰገባ ትሎች ዕድሜ ከ200 ዓመት ሊበልጥ ይችላል።»

የመጨረሻው ለሰብታይትል ከረዘመብዎ «የቀዝቃዛ ምንጭ»ን ይጣሉት፤ ምስሉ ራሱ ያሳያል። «ባለ ሰገባ»ን ግን አደራ።