በሩን ለማን ከፍተውት ሄዱ? (ጥያቄና መልስ)

ባለፈው ከሩቅ ሆኖ የቤት ኮምፒውተር ውስጥ ስለመግባት ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። መዘዙ ይኸው፣ የጥያቄ ናዳ ወረደብኝ። ተመሳሳዮቹን ጠቅልዬ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ኮምፒውተሬን አብርቼ ወጣሁ። ቢሮ ደርሼ ስሞክር ግን "አልተገኘም" ይለኛል።

መልስ፦ ተኝቶ ነው። ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ገብተው "ስሊፕ" የሚለውን "ኔቨር" ያድርጉት። ስክሪኑ ቢጠፋ ግድ የለም።

ጥያቄ፦ ሪሞት ዴስክቶፕን (ከሩቅ የሚያስገባውን የዊንዶውስ መሣሪያ) ማብሪያው የት ነው? ዊንዶውስ 11 ሆም ላይ ፈልጌ አጣሁት።

መልስ፦ የለም፣ አይልፉ። ሆም ወደ ሌላ ይገባል እንጂ ሌላ አያስገባም። የሚያስገባው ፕሮ ነው። ለዚህ ብቻ ብለው ግን ፕሮ አይግዙ፤ የጉግሉ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ በነጻ ይሠራል። ቢያንስ 6 አሃዝ ያለው ፒን ይጠይቅዎታል። 123456 እንዳይሉት ብቻ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ከላፕቶፔ ወደ ዴስክቶፔ እገባለሁ። ከውጭ ግን እምቢ አለ። አድራሻው 192.168.1.20 ነው፣ ደጋግሜ አረጋግጫለሁ።

መልስ፦ አድራሻው ትክክል ነው፣ ችግሩ የቤት ውስጥ ስም መሆኑ ነው። ቤትዎ ውስጥ "ሚጣ!" ብለው ቢጣሩ የእርስዎ ሚጣ ትመጣለች። አደባባይ ላይ ቆመው "ሚጣ!" ቢሉ የትኛዋ ትምጣ? ራውተርዎ ከኢንተርኔት አቅራቢዎ የተሰጠው አድራሻ ሌላ ነው። እሱም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ፣ አቅራቢዎ ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ጠቅልሏቸዋል። እንዲያ ከሆነ ራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ የሚገባበት፣ ቁጥር ያለው በር) ቢከፍቱም ዋጋ የለውም። ቀጣዩን መልስ ያንብቡ፣ መድኃኒቱ አንድ ነው።

ጥያቄ፦ እኚህ አንባቢ በረጅሙ ነው የጻፉት። ባጭሩ፣ ቪዲዮ አይተው ራውተራቸው ላይ ፖርት 3389ን፣ ማለትም የሪሞት ዴስክቶፕን በር፣ ከፍተዋል። ከየትም ሆነው ይገባሉ፣ ደስ ብሏቸዋል። ሰሞኑን ግን ዊንዶውስ "ብዙ የተሳሳተ ሙከራ" እያለ ይቆልፍባቸዋል። "ይህን መቆለፍ እንዴት ላጥፋው?" ይላሉ።

መልስ፦ ኧረ እንዳያጠፉት! እስካሁን ያዳነዎት እሱ ነው። መጀመሪያ ፖርቱን ዘግተው ይምጡ።

ዘጉ? አሁን ኢቨንት ቪወርን (የዊንዶውስን የክንውን መዝገብ) ይክፈቱ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ቀጥሎ ሴኩሪቲ። ቁጥር 4625ን ይፈልጉ፤ ያልተሳካ የመግባት ሙከራ ማለት ነው። የተሞከሩትን ስሞች እያዩ ይውረዱ፦ አድሚኒስትሬተር፣ አድሚን፣ ቴስት፣ ዩዘር፣ እንደገና አድሚኒስትሬተር። ሰዓቱንም ልብ ይበሉ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ እርስዎ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሳሉ፣ አንድ ሰው በርዎን ያንኳኳ ነበር።

ሰው ማለቴ እንኳ ስህተት ነው። ኢንተርኔቱን ሙሉ እያሰሱ 3389 የተከፈተበትን የሚለቅሙ ፕሮግራሞች ናቸው። እርስዎን አያውቁም፣ አይደክማቸውም። አንዱ ከተሳካለት ፋይልዎን ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቃል።

"እኔ ቁጥሩን ወደ 3390 ቀይሬዋለሁ" የሚሉኝ አሉ። ሌባ ፈርቶ የፊቱን በር ወደ ጓሮ ማዞር ነው፤ ሌባው ቤቱን ዞሮ ያያል። "ፓስወርዴ ጠንካራ ነው" የሚሉም አሉ። ጎሽ! ግን በ2019 ይፋ የሆነው ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ፓስወርድ ጨርሶ አይጠይቅም ነበር። ዊንዶውስ 7ን የመሳሰሉ የቆዩ ሲስተሞችን ነው የሚያጠቃው። ማይክሮሶፍት ለተወው ለኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ እስከማውጣት ደርሶ ነበር።

መላው በሩ ከውጭ እንዳይታይ ማድረግ ነው። ራውተርዎ ዋየርጋርድ (ለእርስዎ ብቻ የተመሰጠረ መንገድ የሚከፍት ቪፒኤን) ካለው በዚያ ይጠቀሙ። ከሌለው፣ ወይም አቅራቢዎ ከሌሎች ጋር ከጠቀለለዎት፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ቴልስኬል የተባለ ፕሮግራም በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ይጫኑና በአንድ አካውንት ይግቡ። ለቤቱ ኮምፒውተር የሚሰጠውን አድራሻ ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ይጻፉ፤ አለቀ። ራውተር አይነካም፣ ስለዚህ ለሚጣ አባትም ይሠራል። አካውንቱ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ቁጥር 4624 የተሳካ መግቢያ ነው። በእርስዎ ስም፣ ከማያውቁት የውጭ አድራሻ አንድ እንኳ ካገኙ ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ይንቀሉና ባለሙያ ጋ ይውሰዱት። ራስዎ አይነካኩት።

ጥያቄ፦ ወደ መሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተርስ ከቤት ልግባ?

መልስ፦ የአይቲ ክፍሉን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከቢሮ ሆኜ ስሠራ ቤት ያሉት ልጆች ስክሪኑን ያዩታል?

መልስ፦ በዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ ከሆነ አያዩም፣ የቤቱ ስክሪን ይቆለፋል። ከሩቅ በሚያስገቡት በሌሎቹ ፕሮግራሞች፣ በኤኒዴስክ ወይም በቲምቪወር፣ ከሆነ ግን ማውሱ ብቻውን ሲሄድ እያዩ ይደነግጣሉ። (ጠያቂዋ ለምን እንደፈለጉት አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም።)

ጥያቄ፦ አባቴ ጋ ተደውሎ "ኮምፒውተርዎ ቫይረስ አለበት" ተባሉ። ኤኒዴስክ አስጫኗቸውና ቁጥሩን ጠየቋቸው፣ ነገሯቸው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ተጠራጥረው አጠፉት። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። 10 ደቂቃ ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ይነቀል። ባንካቸው ጋ አሁኑኑ ይደውሉ፣ ነገ አይበሉ። የኢሜይልና የባንክ ፓስወርዶችን በሌላ ስልክ ይቀይሩ። ኤኒዴስክን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፣ ሌላ ነገር ትተው ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያ ሳያየው እንዳይበራ። አባትዎን ደግሞ እንዳይቆጡ። ከተቆጧቸው ሁለተኛ ሲደወልላቸው አይነግሩዎትም።