ዱባዬ ማደጉን አቆመ እንዴ?

ጥቅምት ሲገባ የጓሮ ዱባ ጥያቄም ይበዛል። የዚህን ሳምንት ባንድ ላይ ልመልስ።

«መስከረም ላይ በየጠዋቱ አድጎ አገኘው ነበር። አሁን ቀጥ አለ። ልቁረጠው?» (ከኮምቦልቻ)

አይቸኩሉ። ዱባ እንደ ጉድ የሚያድገው ፍሬ ከያዘ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ግድም ነው። ከዚያ ይቀንሳል እንጂ ወዲያው አይቆምም። ዓይን ደግሞ ያታልላል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዋሱና ሦስት ቦታ ይለኩ፦ ወገቡን ዙሪያውን፣ ከመሬት በአናቱ አልፎ እስከ ማዶው መሬት በጎኑ፣ እንደገና እንዲሁ ከአንገቱ ወደ ቂጡ። ደምረው በየሳምንቱ ይጻፉት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ያኔ ይቁረጡት።

«ሚዛን የለኝም። ድምሩ በሳምንት ከ300 ሴንቲ ወደ 306 ሄደ። ስንት ኪሎ ጨመረ?» (ከደሴ፣ ሆጤ)

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። ድምሩ 300 የሆነ ዱባ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 6 ሴንቲ ማለት 2 በመቶ ነው። ዱባው ግን በወርዱም በቁመቱም በከፍታውም ስለሚያድግ ክብደቱ ሦስት እጥፍ፣ 6 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ 1.2 ኪሎ ገደማ። ድምሩ 600 የሆነ ዱባ ላይ ቢሆን ያችው 6 ሴንቲ ወደ 5 ኪሎ ትጠጋለች። ትልቅ ዱባ ያደገ የማይመስለው ለዚህ ነው። ታዲያ ግምት ግምት ነው፤ የውስጡ ውፍረት ከዱባ ዱባ ይለያያል። አምና የራሴን 25 ኪሎ ነው ብዬ ከጎረቤት ተወራረድኩ፣ 21 ወጣ። ቡናውን ያፈላሁት እኔ ነኝ።

«ዘሩ አንድ ነው፤ ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ዱባ ለምን በለጠኝ?» (ከደሴ)

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፤ እዚህ ዱባና ዱባም ተለያየ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሐረጎን ሲወርዱ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሌሊቷም ይሞቃል። የደሴ ብርድ እድገቱን ቀድሞ ይይዘዋል። ፍሬውን የሚመግበው ቅጠሉ ስለሆነ አመዳይ ካቃጠለው አለቀ። ማታ ማታ በአሮጌ ብርድ ልብስ ይሸፍኑት፣ ጠዋት ይግፈፉት።

«መጨረሻ ላይ ውሃ ባበዛለትስ?»

ተዉ! ተጠምቶ ከርሞ ባንዴ ሲጠጣ ይሰነጠቃል። በትንሽ በትንሹ።

«የዓለም ትልቁ ዱባ ስንት ኪሎ ነው?»

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሁለት እንግሊዛውያን መንትያ ወንድማማቾች 1,278.8 ኪሎ አስመዝነዋል። ዘሩ የኛ ዓይነት አይደለም። አትላንቲክ ጃይንት ይባላል፤ ያዳበሩት ካናዳዊው ገበሬ ሃዋርድ ዲል ናቸው። በደህናው ጊዜ በቀን 20 ኪሎ ሊጨምር ይችላል። የሆጤው ዱባ፣ እንዳለ፣ ባንድ ቀን ማለት ነው።