ትልቁ ፒያኖ ጥግ ቆሞ ሳለ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ጀርመን ነው። ባለፈው ሰሞን ጓደኛዬ የሞዛርት ኮንሰርት ይዛኝ ሄደች። አዳራሹ ጥግ ላይ ትልቅ ጥቁር ፒያኖ ተሸፍኖ ቆሟል። መሐል ያስቀመጡት ግን ቡናማ፣ ቀጫጭን እግር ያለው፣ ጠረጴዛ የሚመስል ነገር ነው። ክዳኑን ነቅለውታል። ተጫዋቹም ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ድምፁን ለመስማት ስታገል ነበር። ትልቁ እያለ ለምን? ደግሞ ቲኬቱ ርካሽ አልነበረም!
አንባቢዎ፣ ከኮሎኝ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ከአሥሩ ደቂቃ በኋላስ? ስለ እሱ አንድም ቃል አልጻፍሽም። ጆሮሽ ለመደው ማለት ነው።

ያየሽው ፎርቴፒያኖ ይባላል፤ የጥንቱ ፒያኖ ማለት ነው። ሞዛርት ቤቱ የነበረው፣ የቪየናው አንቶን ቫልተር የሠራው፣ ዛሬም ሳልዝቡርግ ይገኛል። ቁልፎቹ 61 ብቻ ናቸው፤ የዛሬው ፒያኖ 88 አለው። ክብደቱም 85 ኪሎ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 የሞዛርት አባት ልጁን ሊጠይቅ ቪየና ሄዶ ነበር። «እኔ ከመጣሁ ወዲህ ፒያኖው ከቤት ቢያንስ 12 ጊዜ ወጥቷል» ብሎ ለሴት ልጁ ጽፎላታል። ጥግ የቆመውን ጥቁሩን ግን ማን ደፍሮ ያነሳዋል? ግማሽ ቶን ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ጥቁሩ ሆዱ ውስጥ ብረት አለ። የክሮቹ ውጥረት ሲደመር ወደ 20 ቶን ይደርሳል። ያንን ሁሉ የሚችለው ብረቱ ነው። ፎርቴፒያኖው የእንጨት ሥራ ነው። ክሩ ቀጭን፣ መዶሻዋ ሚጢጢ፣ ጫፏም ቆዳ የለበሰች። ድምፁ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይጠፋል። ለዚህ ነው ፈጣኑ ቦታ ላይ እያንዳንዱ ድምፅ ተለይቶ የሚሰማው። የእግር ፔዳል እንኳ የለውም፤ ከሥሩ ያለውን እንጨት በጉልበት ነው የሚገፉት።

አሁን ወደ ኦርኬስትራው እንምጣ። የቫዮሊኖቹ ክር አንጀት ነው፣ ልክ እንደ በገናችን። ፍሉቱ የእንጨት ነው፤ ሆርን የሚባለው ጥምዝ ጥሩምባም በጣት የሚጫን ቁልፍ የለውም። ሁሉም ለዚያ ትንሽ ፒያኖ ልክ የተሠሩ ናቸው። ጥቁሩን መሐላቸው ብትጎትቺው ይውጣቸዋል።

ሌላም ጣጣ አለ። እነዚህ ሰዎች ሞዛርትን ሲጫወቱ ብዙ ጊዜ የሚቃኙት 430 ኸርዝ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ድምፁ ይቀጥናል። የአዳራሹ ፒያኖ 440 ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ነው። አብረው ቢጀምሩ ጆሮሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። ይህን በራሴ ላይ ስለደረሰ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን የበላሁት ፒያኖ በመቃኘት ነው። በወጣትነቴ አንድ አዳራሽ፣ ስሙን ልተወውና፣ «ለአንድ ማታ ትልቁን ዝቅ አድርግልን» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ፣ ሞኝ! ከ200 በላይ ክር ስፈታ ዋልኩ። ማታ ሰው ሲገባ ግማሹ ክር ተመልሶ ወደ ላይ ወጥቷል። የዚያን ቀን ሒሳቤን ሳልጠይቅ ነው የኋላ በር የፈለግኩት።

ተጫዋቹ ጀርባውን የሰጠሽ ንቆሽ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚመራውም እሱ ነው፤ እጁንና ፊቱን ማየት ያለባቸው ባልደረቦቹ ናቸው። ክዳኑም የተነቀለው እንዳይጋርዳቸው ነው። ኦርኬስትራው ብቻውን ሲጫወትስ፣ እጁ አርፎ ነበር? በሞዛርት ጊዜ ፒያኖ ተጫዋቹ ያኔም ከባሶቹ፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ ካላቸው መሣሪያዎች ጋር ይጫወት ነበር። የፍራይቡርግ ባሮክ ኦርኬስትራ ከደቡብ አፍሪካ ተወላጁ ፒያኖ ተጫዋች ክርስቲያን ቤዙይደንሃውት ጋር የቀረጸውን ሞዛርት ፈልጊና በማዳመጫ ስሚው። ፒያኖው እንግዳ ሳይሆን የቤቱ ሰው መሆኑ ይገባሻል።

እኔ ግን የምወደው ፒያኖ ተጫዋቹን ሮበርት ሌቪንን ነው። ካዴንዛውን፣ ማለትም ኦርኬስትራው ዝም ሲል ብቻውን የሚጫወተውን፣ እዚያው መድረክ ላይ ይፈጥረዋል። ሞዛርትም እንዲያ ያደርግ ነበር። ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከመሪው ክሪስቶፈር ሆግዉድና ከእንግሊዙ ኦርኬስትራ አካዳሚ ኦፍ ኤንሸንት ሚዩዚክ ጋር የሞዛርትን ኮንሰርቶዎች፣ ማለትም ፒያኖና ኦርኬስትራ አብረው የሚጫወቷቸውን ሥራዎች፣ መቅረጽ ጀመረ። ሥራው መንገድ ላይ ቀረ። ሆግዉድም እ.ኤ.አ. በ2014 አረፈ። ሌቪን ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሰባ ዓመት አልፎት፣ ከዚያው ኦርኬስትራ ጋር ጨረሰው።

ሌላ ጊዜ ስትሄጂ ከፊት ያለ ወንበር ያዢ፤ ይህ ነገር ከሩቅ አይሰማም። በእረፍቱም ቡና ፍለጋ አትውጪ። ወደ መድረኩ ጠጋ በይ። አንድ ሰው መፍቻ ይዞ ፒያኖው ላይ ጎንበስ ብሎ ታገኚዋለሽ። አታዋሪው፣ ሰዓት የለውም። በዓይንሽ ብቻ ሰላም በይልኝ።