«ሦስተኛው ጠርሙስ ላይ ሁሉም አንድ ሆነብን» ላልከው

የአገራችንን ወይኖች ጎን ለጎን ስትቀምሱ ያበላሸባችሁ ወይኖቹ ሳይሆኑ ቅደም ተከተሉ ነው። ምሳ ላይ አክሱማይትን፣ ጣፋጩን ቀይ ወይን፣ ቀድመህ ከፍተሃል። ጣፋጭ ስለሆነ ምላስ ላይ ይቀራል፤ ከሱ በኋላ የመጣው ጉደር ኮመጠጠ ቢባል አይገርምም። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው፦

1. ከነጩ ጀምር። የሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ካገኘህ ጥሩ ነው።

2. ቀጥሎ ደረቆቹን (ጣፋጭነት የሌላቸውን) ቀዮች፣ ጉደርንና የሪፍት ቫሊ ሜርሎን፣ ጎን ለጎን ቅዳ። ለየብቻ ብርጭቆ፣ ሁለት ሁለት ጣት ብቻ። ዋናው ንጽጽር እዚህ ነው፤ አትቸኩል። አሽትት፣ ጎንጨት በል፣ ቁራሽ ዳቦና ውኃ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ከዚያም ተመለስ፤ ልዩነቱ የሚወጣው ሁለተኛው ዙር ላይ ነው።

3. አክሱማይት መጨረሻ።

ዶሮ ወጡም እስከዚያ ይቆይ። በርበሬ ደረቅ ቀይ ወይንን መራራ ያደርገዋል፣ ወይኑም በተራው ማቃጠሉን ያብሳል። ለደረቆቹ ሚጥሚጣ ያልነካው ጥብስ ይበቃል። ወጡ ሲቀርብ አክሱማይትን ክፈት፤ ጣፋጩ ቃጠሎውን ያበርድልሃል። (ረቡዕና ዓርብ ግን አትሞክረው፤ ጎንደር ላይ ማን ጥብስ ይበላልሃል?)

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የቀትሩን ፀሐይ። አንድ እሁድ ፒያሳ አካባቢ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ቀዩን ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ረሳሁት። ስንቀዳው አልኮሉ ብቻ አፍንጫችንን መታው። ሁሉም ወይኑን ሰደበ፤ ጥፋቱ የኔ ነበር። አሁን ቀዩንም ሳልከፍተው ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገባዋለሁ፣ ጠረጴዛው ላይም ጥላ ያለበት ጥግ እፈልግለታለሁ።