የእሱ 66፣ የእኔ 81

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እጮኛዬ ደግሞ ጴንጤ ነው። በሌላው ነገር ተስማምተን ጨርሰናል፣ ሠርጉ የት ይሁን የሚለው እንኳ መላ አግኝቷል። ባለፈው ቡና እየጠጣን መጽሐፈ ሄኖክን ሳነሳበት «እሱ እኮ መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም» አለኝ። «ማነው ያለው?» ስለው «ቃሉ ራሱ ይመሰክራል» አለ። አብሮን የነበረ የመሥሪያ ቤት ጓደኛችን፣ እሱ በምንም አያምንም፣ ሳቀብንና «ሁለታችሁም ተሸውዳችኋል፣ መጻሕፍቱን የመረጠው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው፣ ኒቅያ ላይ በድምፅ ብልጫ» አለን። መልስ አጣሁ። አንድ መጽሐፍ የእግዚአብሔር መሆኑ በምንድነው የሚታወቀው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ጓደኛችሁን እናሰናብተው፣ የእሱ ቀላል ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት፣ እኛ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው አባቶች፣ የተከራከሩት በአርዮስ ጉዳይ ነው። ወልድ ፍጡር ነው ወይስ አይደለም? ከጉባኤው የወጡት 20 ቀኖናዎች ዛሬም አሉ፣ አውጥቶ ማንበብ ይቻላል። አንዳቸውም ስለ መጻሕፍት ዝርዝር አያወሩም። ቆስጠንጢኖስ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ቆየት ብሎ ለአዲሷ ከተማው አብያተ ክርስቲያናት 50 ቅጂ መጽሐፍ ቅዱስ ተጽፎ እንዲላክለት የቂሳርያውን አውሳብዮስን ማዘዙ ነው። ይሄ መጽሐፍ የማስገልበጥ ትእዛዝ እንጂ መጻሕፍትን መምረጥ አይደለም። የድምፅ ብልጫውን ነገር ፊልም ላይ አይቶት ይሆናል።

አሁን ወደ እናንተ ጠብ እንግባ።

«ቃሉ ራሱ ይመሰክራል» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 3፥16 ነው። እኔም ጎረምሳ እያለሁ ይህን ጥቅስ እንደ መዶሻ ነበር የምጠቀምበት። አንድ ቀን አንድ ሰው «ራሱ ባለጉዳይ፣ ራሱ ምስክር» ብሎ አፌን ዘጋው። ልክ ነበር። እስቲ ጥቅሱን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ሁላችንም የምናውቀው የአማርኛ ትርጉም «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ» ነው የሚለው። መንፈስ ያለበት ሁሉ ይጠቅማል። የትኛው ነው መንፈስ ያለበት? እሱን አይነግርሽም። አንድ ቁጥር ከፍ በይ ደግሞ፤ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ከሕፃንነትህ ጀምሮ ቅዱሳን መጻሕፍትን ታውቃለህ ይለዋል። ጢሞቴዎስ ሕፃን እያለ ማቴዎስም ዮሐንስም ገና አልጻፉም። ስለዚህ በቅድሚያ የሚናገረው ስለ ኦሪትና ስለ ነቢያት ነው። ትልቅ ጥቅስ ነው፣ ዝርዝር ግን አይወጣውም።

ይህን ሰምተሽ እጮኛሽን ረታሁት ብለሽ እንዳትቸኩዪ። ከእሱ ጀርባ ከባድ ሰው አለ። የፕሮቴስታንቶቹ ሊቅ ካልቪን በ16ኛው ክፍለ ዘመን «መጽሐፉ የእግዚአብሔር መሆኑን በምን እናውቃለን?» ለሚሉት የሰጠው መልስ፣ ብርሃንን ከጨለማ፣ ነጩን ከጥቁሩ፣ ጣፋጩን ከመራራው በምን ትለያላችሁ የሚል ነበር። ማር መሆኑን ለማወቅ የንብ አናቢው ፊርማ አያስፈልግም እንደ ማለት ነው። አንባቢው ልብ ውስጥ መንፈስ ቅዱስ ይመሰክራል፣ አለቀ። ይሄ የሞኝ መልስ አይደለም። አንድ መዝሙር በሆነ ሌሊት አጥንቷ ድረስ ገብቶ ያጽናናት እናት ማስረጃ አምጪ ብትባል ምን ታመጣለች? ችግሩ ምላስ ይለያያል። ሉተር ራሱ በ1522 አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ ሲተረጉም የያዕቆብ መልእክት አልጣመውም፤ የገለባ መልእክት አለው። ዕብራውያንን፣ ያዕቆብን፣ ይሁዳንና ራእይን ከመጨረሻ ወስዶ ቁጥር ሳይሰጣቸው አስቀመጣቸው።

ከአንቺ ጀርባ ደግሞ አውግስጢኖስ አለ። በ397 አካባቢ ማኒ ከሚባል መምህር ተከታዮች ጋር ሲከራከር፣ የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ባያሳምነኝ ኖሮ ወንጌልን አላምንም ነበር ብሎ ጽፏል። አንቺም ቡና ላይ «ማነው ያለው?» ስትዪ ያልሽው ይህንኑ ነው። የእሱም መልስ ግን ቀዳዳ አለው። የትኛዋ ቤተ ክርስቲያን? የሮም ካቶሊክ በ1546 ትሬንት ጉባኤ ላይ የደነገገችው ዝርዝር 73 መጻሕፍት ነው፣ የእጮኛሽ 66፣ የእኛ 81።

እና ሁለታችሁም ግማሽ መልስ ይዛችሁ ነው የተፋጠጣችሁት።

እኔ ከክርክሩ ይልቅ አንድ ታሪክ ብዙ ነገር አብርቶልኛል። በ200 አካባቢ በአንጾኪያ ሴራፒዮን የሚባል ጳጳስ ነበር። ሮሶስ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ምእመናንን ሊጎበኝ ሄደ። እነሱም «የጴጥሮስ ወንጌል» የሚባል መጽሐፍ አምጥተው እናንብበው ወይ አሉት። ሴራፒዮን መጽሐፉን አላነበበውም። ሰዎቹ ሃይማኖታቸው የቀና መስሎት፣ ጭቅጭቁም ያለው በዚህ ብቻ ከሆነ ይነበብ ብሎ ሄደ። (ስንቱ አለቃ ነው ሳያነብ የሚፈርመው!) በኋላ ወሬ መጣለት። መጽሐፉን ፈልጎ አገኘና ቁጭ ብሎ አነበበው። አብዛኛው ከትክክለኛው ትምህርት ጋር ይሄዳል፣ አንዳንድ ቦታ ግን የተጨመረ ነገር አለበት። ክርስቶስ መከራ የተቀበለው ለመምሰል ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች የሚወዱት መጽሐፍ ሆኖ አገኘው። ከዚያ ደብዳቤ ጻፈ፤ አውሳብዮስ ከፊሉን አስቀርቶልናል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ጴጥሮስንም ሌሎቹንም ሐዋርያት እንደ ክርስቶስ እንቀበላለን፣ በስማቸው በሐሰት የተጻፈውን ግን እንመልሳለን፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ከአባቶቻችን አልተረከብንም።

አልተረከብንም። ቃሉን ያዢው። ሰውየው «ይህን መጽሐፍ ሥልጣን እሰጠዋለሁ» ወይም «እነፍገዋለሁ» አላለም። የጠየቀው እንደ ውርስ ጉዳይ ነው። ከማን መጣ፣ ከሐዋርያት ወገን ነው? በየአገሩ ያሉ ምእመናን ቅዳሴ ላይ ሲያነቡት ኖረዋል ወይስ አንድ መንደር ብቻ ነው የሚያውቀው? በቃል ከተረከብነው እምነት ጋርስ ይስማማል? የጥንት ክርስቲያኖች መጽሐፍን የለዩት በዋናነት በዚህ ነው። ከሰማይ የወረደ ዝርዝር አልነበራቸውም። አራቱ ወንጌሎች በዚህ መንገድ ቶሎ ነው የጸኑት፤ በ180 አካባቢ የሊዮኑ ሄሬኔዎስ ወንጌል ከአራት አይበልጥም አያንስምም ሲል ነበር። ሁለተኛ ጴጥሮስ፣ ይሁዳ፣ ራእይ ግን ለረጅም ጊዜ አንዱ ጋ እየተነበቡ ሌላው ጋ ሲጠረጠሩ ኖረዋል።

ዛሬ የምናውቃቸውን 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ በመጀመሪያ ቆጥሮ ጽፎ ያቆየልን የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፣ በ367 የትንሣኤ ደብዳቤው ላይ። ከኒቅያ 42 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አትናቴዎስ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደለም፤ ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው እሱ ነው። አሁን ጉዱን ስሚ። እጮኛሽ አትናቴዎስን ለ27ቱ ምስክር ሊጠራው ይችላል፣ ብሉይ ላይ ግን አትናቴዎስ ባሮክን አስገብቶ አስቴርን ከዝርዝሩ አውጥቷታል፤ የ66ቱ ዝርዝር ከዚህ ጋር አይገጥምም። አንቺም በእሱ ልትኮሪ ትችያለሽ፣ ግን እዚያው ደብዳቤ ላይ በሄኖክ ስም የሚዞሩትን መጻሕፍት አጥብቆ ይቃወማል። በአባ ሰላማ ላይ እጁን የጫነው ሰው ሄኖክን አልወደደውም፣ የአባ ሰላማ ልጆች ግን ሄኖክን ተረከቡ! ታሪክ እንዲህ ነው፣ ለማንም አያደላም።

ሄኖክ ራሱስ? አንቺ ባዶ እጅሽን አይደለሽም። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 ላይ ከአዳም ሰባተኛ የሆነው ሄኖክ ትንቢት ተናገረ ብሎ ይጠቅሰዋል። መጽሐፉ ሙሉውን የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ የገባው በ1773 ሲሆን፣ አንዳንድ የፈረንጅ ምሁራን በኋላ ዘመን የተደረሰ ነገር ነው ይሉት ነበር። ከ1947 በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ሲገኙ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ይነበብ እንደነበር ተረጋገጠ። እጮኛሽም መልስ አለው። መጠቀስ ብቻውን ቅዱስ አያደርግም፤ ጳውሎስም በአቴና የግሪክ ባለቅኔዎችን ጠቅሷል (ሐዋርያት 17፥28)፣ ማንም ግን ቅኔያቸውን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አላስገባም። ደግሞ ከሄኖክ ውስጥ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል ቁምራን ላይ አልተገኘም። ነገሩ ክፍት ነው፣ በአንድ ስኒ ቡና አይዘጋም።

የ81ም ነገር አንድ ወጥ አይደለም። ቁጥሩ ነው የጸናው። አንዱ አቆጣጠር ብሉይን 46፣ ሐዲስን 35 ያደርጋል፤ ከ27ቱ ላይ ሲኖዶስ፣ መጽሐፈ ኪዳን፣ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ፣ በክፍሎቻቸው ተቆጥረው 8 ሆነው፣ ይጨመራሉ። ሌላው 54 እና 27 ይላል። አንቺ «81» ስትዪ የትኛውን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ብዙዎቻችን አናውቅም።

የእኔን ግልጹን ልንገርሽ። ክርስቲያን መጽሐፉን የሚያምነው መጀመሪያ ክርስቶስ ተነሥቷል የሚለውን ምስክርነት ስላመነ ነው፣ ተቃራኒው አይደለም። ጳውሎስ አንደኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ የትንሣኤውን ነገር ሲጀምር የተቀበልኩትን አሳልፌ ሰጠኋችሁ ነው የሚለው። ደብዳቤው ከስቅለቱ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ የተጻፈ ነው፣ የዓይን ምስክሮቹም አብዛኞቹ ገና በሕይወት ነበሩ። መጀመሪያ ምስክር፣ ከዚያ ምስክሩን የያዘ ደብዳቤ፣ ከዚያ ደብዳቤውን ደጋግማ የምታነብ ጉባኤ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ዝርዝር። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ስለመጣ አይረባም ማለቴ አይደለም። ግን ሰው ሥር የሚፈልገው ቅርንጫፉ ላይ ከሆነ ይወድቃል። ጓደኛችሁን ይህ ያሳምነዋል? አላውቅም፣ ላያሳምነው ይችላል። ትንሣኤው ላይ ካልተስማማችሁ ስለ ዝርዝሩ ብትነታረኩም ምንም አይገኝም። አንቺና እጮኛሽ ግን እዚያ ላይ አንድ ናችሁ፣ 66ቱም በሙሉ 81ዱ ውስጥ አሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ የሰንበት ትምህርት ቤት የሰጧትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ መጣች። ማርቆስ 16 ከቁጥር 9 ጀምሮ በቅንፍ ውስጥ ነው፣ ሥሩ ላይ ጥንታዊ ቅጂዎች ውስጥ የለም ይላል። «ማሚ፣ ታዲያ ማን ጨመረው?» አለችኝ። የእግዚአብሔር ቃል ይጨመርበታል እንዴ? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ እንዳትቆጫት። ከሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ሁለት ትልልቅ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂዎች፣ ቫቲካኑስና ሲናይቲከስ ውስጥ፣ ማርቆስ የሚያልቀው ቁጥር 8 ላይ ነው፤ ሴቶቹ ፈርተው ለማንም ሳይናገሩ። ድንገት ቀጥ ይላል። በሌላ በኩል ቅድም ያነሳሁት ሄሬኔዎስ በ180 አካባቢ ቁጥር 19ን ከማርቆስ መጨረሻ ነው ብሎ ይጠቅሳል። ያ ከሁለቱ ቅጂዎች በፊት ነው። ስለዚህ ማርቆስ ራሱ ጻፈው ወይስ ሌላ ሰው ቀጠለው የሚለው ያከራክራል፣ አብዛኞቹ ምሁራን ሁለተኛውን ያምናሉ። ቤተ ክርስቲያን ግን ከጥንት ጀምሮ ስታነበው ኖራለች።

ቅንፉን ያስገቡት መጽሐፉን የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም። ያለውን ልዩነት ሳይደብቁ ያሳዩሽ ናቸው፣ እኔ እነሱን ነው የማምነው። ከቅንፉ በላይ የሚያስፈራኝ ቁጥር 18ን ለብቻው ነጥቆ መሮጥ ነው። እዚያው አሜሪካ፣ አፓላቺያ ተራሮች ውስጥ «እባብ ይይዛሉ» የሚለውን ይዘው አምልኮ ላይ መርዘኛ እባብ የሚያነሱ ጉባኤዎች አሉ። ልማዱን ካስፋፉት ዋነኛው ሰባኪ በ1955 በእባብ ተነድፎ ሞተ። ለልጅሽ ይህን አሁን አትንገሪያት፣ እንቅልፍ ታጣለች።

ጥያቄ፦ በአጭሩ፣ ሄኖክን ላንብብ ወይስ ይቅርብኝ? ፕሮቴስታንት ነኝ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አንብብ ወንድሜ፣ ምን ችግር አለው? የይሁዳ መልእክት ምን እንደሚል የበለጠ ይገባሃል። ከምዕራፍ 1 እስከ 36 ጀምር፤ የመላእክቱ መውደቅ እዚያ ነው ያለው፣ ታሪኩ ይይዝሃል። የሚከብድህ ነገር ሲኖር የአብነት መምህር ካገኘህ ጠይቅ፣ ከዩቲዩብ ይሻልሃል። ከ72 እስከ 82 ያለው ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ አካሄድ ነው፤ ዓመቱን 364 ቀን አድርጎ ፀሐይ በምትወጣባቸው የሰማይ በሮች እየለየ ይቆጥራል። እኔ እዚያ ስደርስ ሁለት ጊዜ ተኝቼበታለሁ።