ከአራቱ ሥራዎችሽ የአሞራ ገደሉን ላኪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት፤ ያስቀመጥሻቸውን ሊንኮችም ከፍቼ እስከ መጨረሻው አየኋቸው። የሠርግ ቪዲዮ፣ ከጓደኞችሽ ጋር የሠራችሁት የ25 ደቂቃ አጭር ፊልም፣ ሐዋሳ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ላይ አክስትሽን በስልክ የቀረጽሽው የ6 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም፣ አንድ ደግሞ ያልተቀረጸ ስክሪፕት አለሽ። ውጭ ያሉ ፊልም ትምህርት ቤቶች ለዳይሬክቲንግ እያመለከትሽ ነው፤ "ሁሉንም ልላክ ወይስ በጥራት የሚሻለውን?" ብለሻል። እኔም ከዚሁ ከሐዋሳ አመልክቼ ውጭ ተምሬ የተመለስኩ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህም የብዙ ልጆችን ማመልከቻ አብሬያቸው አይቻለሁ። የአክስትሽን ላኪ። ሌላውን ተዪው።

የትምህርት ቤቶቹን መራጮች የካሜራሽ ዋጋ አያሳስባቸውም፤ ካሜራም መብራትም እነሱ ጋ ሞልቷል። ማወቅ የሚፈልጉት ዓይንሽ ምን ላይ እንደሚያርፍ፣ የት ቆመሽ እንደምትቀርጪ፣ መቼ እንደምትቆርጪ ነው። የሠርጉ ቪዲዮ ድሮኑም ቀለሙም ያምራል፤ ነገር ግን ምን እንደሚቀረጽ የወሰኑት ሙሽሮቹና ፕሮግራሙ ናቸው። እንጀራሽ ነው፣ የተከበረ ሥራ ነው፣ ሲቪሽ ላይ ጻፊው። አጭር ፊልሙን ኤዲት ያደረግሽው አንቺ ብትሆኚም ዳይሬክተሩ ሌላ ልጅ ነው። ለኤዲቲንግ ብታመለክቺ ኖሮ መጀመሪያ እሱን ላኪ እልሽ ነበር። አሁን ግን ቃለ መጠይቅ ላይ "ካሜራውን ለምን እዚህ አስቀመጥሽው?" ቢሉሽ የሰው ሐሳብ ልትመልሺ ነው።

አሞራ ገደሉ ያንቺ ነው። አክስትሽ የዓሣውን የቆሮሶውን ቅርፊት ስትፍቅ ፊቷን ትተሽ እጇ ላይ ቆየሽ። ሐዋሳን የሚቀርጽ ሁሉ ካሜራውን ወደ ትልልቆቹ ወፎች፣ ወደ አባ ኮዳዎቹ ያዞራል፤ አንቺ ግን ጥላቸው መሬት ላይ ሲያልፍ ብቻ አሳየሽን። አራተኛው ደቂቃ ላይ ገዢው በዋጋ ሲከራከራት ቀና ብላ "በቃ አታንሺ" አለችሽ፤ ስልኩን ዝቅ አደረግሽ፣ ድምፁ ግን ቀጠለ። ቅርፊትና የሰው እግር እያየን ክርክሩን እስከ መጨረሻው ሰማን። በምስልና በድምፅ መካከል እንዲህ ክፍተት መፍጠር ብዙ ተማሪ ዓመት ተምሮም አይደፍረውም። እኔ መራጭ ብሆን ስምሽን የምይዘው እዚህች ቦታ ላይ ነው።

ብቻ አክስትሽ አታንሺ ብላለች። ኤዲት ያደረግሽውን ፊልም ቁጭ ብላ ትየው። ከፈቀደች ይሂድ፣ ካልፈቀደች ያ ክፍል ይውጣ፤ የፈለገ ቢያምር ይውጣ። ትምህርት ቤቱም ሊጠይቅሽ ይችላል፣ ከትምህርት ቤቱ በፊት ግን አክስትሽ ትቀድማለች።

አሁን እንዳለ ግን አይላክም። መግቢያው ላይ ሐይቁ ከላይ ይታያል፣ ስምሽ ይወጣል፣ ክራር ይመታል፤ ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልተጀመረም። ብዙ ማመልከቻ የሚያይ ሰው መጀመሪያውን አይቶ ነው ልቡን የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው። በቢላዋው ድምፅ ጀምሪ። ሙዚቃውን ሙሉ በሙሉ አውጪው፤ የባለቤቱ ፈቃድ የለሽም፣ ደግሞም የጀልባውንና የገበያውን ድምፅ ውጦታል። ትረካሽንም አውጪ፣ የምትነግሪን ሁሉ ምስሉ ላይ አለ። መመሪያው ቢበዛ 5 ደቂቃ ካለ 5 ደቂቃ ነው፤ "ትንሽ ብታልፍ ምን አለበት" አይሠራም።

ሰብታይትሉን አደራ። አክስትሽ ከአማርኛ ወደ ሲዳሙ አፎ እየተሻገረች ነው የምታወራው፤ አንቺ የጻፍሽው እንግሊዝኛ ግን ከአማርኛው የተገለበጠ ይመስላል፣ ቁጣዋም ጠፍቷል። ሲዳሙ አፎን አፍ የፈታበት፣ እንግሊዝኛም የሚችል ሰው ፈልጊና ከቀጥታው ንግግር ይተርጉምልሽ። ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም።

"ከትምህርት ቤት ቲያትር ክበብ ሌላ ምንም የለኝም፣ ልደብቀው?" ያልሽው አሳዝኖኛል። ለምን ትደብቂዋለሽ! ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ራሱ መጀመሪያ ቺካጎ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው ኋላ ሎስ አንጀለስ ባለው ዩኒቨርሲቲ በዩሲኤልኤ ፊልም ተምሮ በ1976 እ.ኤ.አ. የተመረቀው። ከተዋናይ ጋር መሥራት የቻለ ሰው ለዳይሬክቲንግ ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ በድፍረት ጻፊው።

ደግሞ ሁሉም ትምህርት ቤት ፊልም አይጠይቅም። የፓሪሱ ላ ፌሚስ መግቢያ ላይ በአንድ ርዕስ ዙሪያ የራስሽን የምርመራ ጥራዝ እንድታዘጋጂ ያደርጋል፤ ካሜራ ክፍል ደግሞ ብዙ ቦታ ፎቶግራፍ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ የእያንዳንዱን መመሪያ ለብቻው አንብቢ። ስክሪፕትሽን ጽሑፍ የሚጠይቅ ካለ ለእሱ አቆዪው፤ ሳይጠየቅ ከፊልሙ ጋር አያይዘሽ አትላኪ፣ ጥሩውን ሥራሽን ያደክመዋል።

የዓላማ መግለጫሽ "ከልጅነቴ ጀምሮ ፊልም እወዳለሁ" ብሎ ይጀምራል። ስንቱ እንደዚያ እንደሚጽፍ አስቢ። አክስትሽ ጋ ለምን ከንጋት ጀምሮ እንደሄድሽ፣ ስልኩን ዝቅ ስታደርጊ ምን እንዳሰብሽ ጻፊ፤ ያንን ሌላ ሰው ሊጽፈው አይችልም።

ስትጭኚ ኔትወርክ የሚሻለው ሌሊት ስለሆነ ሌሊት ጫኚ። ፈቃድ የሚጠይቅ ሊንክ አትላኪ፤ በይለፍ ቃል ከሆነ ቃሉን ማመልከቻው ላይ አብረሽ ጻፊ፣ ከዚያ በሌላ ሰው ስልክ ከፍተሽ ሞክሪው። ሰዓቱንም አስይ፤ ፕራግ ያለ ትምህርት ቤት የመጨረሻው ሰዓት 23፡59 ነው ካለ በክረምታቸው እኛ ጋ ከሌሊቱ ስምንት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። እስከዚያ ግን አትጠብቂ፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ሁለት ቀን አስቀድመሽ ላኪው፤ አዲሱን ቅንብር ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አየዋለሁ።