ቅጠል ብቻ ለሆነብሽ ቦገንቪሊያ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ግቢሽ የተከልሽው ቦገንቪሊያ፣ ያ አጥር ላይ የሚወጣው እሾሃማ የአበባ ተክል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሆኖብሽ «በየቀኑ አጠጣዋለሁ፣ ለምን አያብብም?» ላልሽው እህቴ፦ እኔም ላይ የደረሰው ይሄው ነው።

1. ውሃውን ዛሬውኑ አቁሚ። ጣትሽን ከተሽ አፈሩ ውስጡ ድረስ ደርቆ ካላገኘሽው ጠብታ እንዳትሰጪው። እኔ ቧንቧ በጠፋባቸው ሳምንታት በጋሪ የመጣ ውሃ በጀሪካን እየገዛሁ፣ ከልጆቼ ልብስ ማጠቢያ እየቀነስኩ፣ ማታ ማታ አጠጣው ነበር። ዩሪያ ማዳበሪያም ጨመርኩበት። ቅጠሉ እንደ ጎመን ሰፋ፤ አበባ የሚባል የለም። ከዚራ ሰፈር ግን ወደ ሥራ ስሄድ የማልፈው የተቆለፈ ግቢ አለ። ማንም አያጠጣውም፤ አጥሩ ግን በቦገንቪሊያ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። አንድ ቀን ቆሜ ሳየው ነው የገባኝ። የተክሉ አገር ደረቅ ወርና ዝናብ የሚፈራረቁበት ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ሲጠማ ያብባል፣ ሲጠግብ ቅጠል ያወጣል። ያ ገንዘቤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

(ቀዩ ራሱ አበባ አይደለም፣ ቅጠል ነው። አንዱን ቀጥፈሽ እዪው፤ መሃሉ ላይ ያሉት ሦስቱ ቀጫጭን ነጫጭ ቱቦዎች ናቸው አበባው።)

2. ነቅለሽ ቦታ ልቀይር እንዳትዪ። ብርቱካንማ ቀለም ያለውን ቦገንቪሊያ ስገዛ ሻጩ «የላስቲኩን አፈር አራግፈሽ ትከዪው» አለኝ፤ አራገፍኩ፣ በአሥር ቀኑ ደረቀ። ሥሩ እንደ ክር ይበጠሳል። ላስቲኩን በምላጭ ሰንጥቀሽ ከነአፈሩ ነው ጉድጓዱ ውስጥ የሚቀመጠው። ተመልሼ ብነግረው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ፣ ሰው ፊት «እጅሽ ለተክል አይሆንም» አለኝ። በዚያ እልህ ከጎረቤት እርሳስ የሚያክል፣ ስንዝር የሚሆን አሥር ቅርንጫፍ ለምኜ አፈሩን በአሸዋ ቀላቅዬ ተከልኩ። ከአሥሩ አራቱ ያዙልኝ። እጄ እንግዲህ ይሄ ነው!

3. ተክልሽ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ከሆነ ኒሙን ቅርንጫፉን አስመልምዪ፤ ፀሐይ ካላገኘ ልፋትሽ ሁሉ ከንቱ ነው። አበባው የሚወጣው አዲስ ቡቃያ ላይ ስለሆነ አብቦ ሲጨርስ ሳትሳሺ ቁረጪው። የኔ ውሃ ባቆምኩ በሳምንቱ ጠወለገና ልጄ «እማዬ፣ ገደልሽው» ብላ አለቀሰች። ሲብስበት ብቻ በደንብ አጠጥቼ መልሼ እተወው ነበር። ወር አልፎት አንድ ጠዋት ቡቃያው ጫፍ ላይ ጥፍር የምታክል ሐምራዊ ነገር አየሁ፤ ልጄን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሳየኋት።

አሁን አጥሬ ሙሉ ነው። ቅርንጫፍ ከፈለግሽ ነይ እቆርጥልሻለሁ፤ ወፍራም ጓንት ግን ያዢ፣ እሾሁ ክፉ ነው።